የእትዬ ዘውዲቱን ቲማቲም የነቀልኩ ዕለት

ይህን የምነግራችሁ ራሴን ለማመስገን እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ከታሪኩ የሚበልጠው ያሳፍረኛል። ግን ጓደኛዬ ሶስና፣ «አንቺ ካልጻፍሽው እኔ እጽፈዋለሁ፤ እኔ ከጻፍኩት ደግሞ አንዲት ነገር አልደብቅልሽም» ብላ ስላስፈራራችኝ፣ ስሜ በሰው እጅ ከሚጠፋ ራሴው ላጥፋው ብዬ ተቀመጥኩ።

ወይንሸት እባላለሁ። ያኔ አሜሪካ፣ ከዲሲ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ሥራዬ ክሪስታል ሲቲ፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ውስጥ የክፍል ጽዳት ተቆጣጣሪነት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ክፍል ለክፍል እየዞርኩ ትራስ ሳቃና፣ መስታወት ላይ የቀረች የውሃ ጠብታ ስፈልግ ኖርኩ። አገር ቤት ግን በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበርኩ። በሞተር ብስክሌት እየዞርኩ ማሳ ለማሳ «ይሄ ዋግ ነው፣ ይሄ ትል ነው» ስል ነው ወጣትነቴ ያለቀው። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ዲግሪዬን ሻንጣ ሥር ከተትኩት፤ እዚያው ቀረ። ሰው ሲጠይቀኝ «ቢሮ ነበር የምሠራው» ብዬ አልፋለሁ። ሙያ በልብ ነው ይባል የለ? የኔ ከልብም አልፎ ሆድ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ይህን የሚያውቁት ሶስናና አባቷ ብቻ ነበሩ። ከሶስና ጋር የተዋወቅነው በጽዋ ማህበራችን ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከባሏና ከአባቷ ከጋሽ ደምሴ ጋር ትኖራለች። ጋሽ ደምሴ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ብዙ ዓመት ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዲቱ ካረፉ ያኔ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

እትዬ ዘውዲቱ ለባላቸው ትተውላቸው የሄዱት ነገር ቢኖር ቲማቲም ነው። አትሳቁ! አሜሪካ በመጡበት ዓመት እዚሁ ሜሪላንድ ከአንድ የገበሬ ገበያ አንዲት ቲማቲም ገዙ፤ ጣዕሟ ደስ አላቸው፤ ዘሯን አስቀሩ። ከዚያ በየዓመቱ ከተተከሉት ውስጥ ምርጧን እየለዩ፣ ዘሯን እያወጡ፣ እንደገና እየዘሩ አሥራ ስምንት ዓመት አሳለፏት። ድቡልቡል ናት፤ ሥጋዋ ወፍራም፣ ውሃዋ ትንሽ፣ ኮምጠጥ ትላለች። ለስልስ የተፈጠረች ናት። የማህበሩ ሰው ሁሉ «የዘውዲቱ» እያለ ነው የሚጠራት።

እሳቸው ሲያርፉ ግን ዘር ማስቀረቱን ያሰበ ሰው አልነበረም። ጋሽ ደምሴ በሁለተኛው ዓመት፣ በብርዱ ወራት የሚስታቸውን መሳቢያ ሲያገላብጡ አንዲት ፖስታ አገኙ፤ ውስጧ ያረጀ ዘር አለ። አርጅቷልና ካሁን በኋላ አይበቅል ይሆናል ብለው ፈሩ። አንዲትም ሳያስቀሩ ሁሉንም ዘሩት። የበቀለው ሰላሳ አንድ ችግኝ ነው። አማቻቸው ጓሮ ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ ቤት ሠራላቸውና እዚያ ተከሏቸው። እንግዲህ በዓለም ላይ የቀረችው የእትዬ ዘውዲቱ ቲማቲም እነዚያ ሰላሳ አንድ እግሮች ናቸው። እነሱ ከሞቱ አለቀ።

ጋሽ ደምሴ በዚያው ሰሞን ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ተደርገው ነበርና ጎንበስ ማለት አልቻሉም። ቲማቲሞቹ ደግሞ ሊደገፉ፣ ሊታሰሩ፣ በየብብታቸው የሚወጣው ቀንበጥ ሊነቀስላቸው ደርሷል። እኔ ምን አደረግኩ? ደቦ ጠራሁ።

«አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብንሰባሰብ ሁለት ሰዓት አይፈጅብንም» አልኳቸው የማህበሩን ሴቶች። ስምንት ሰው መጣ። ከነሱ አንዷ እታገኝ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ዶሮ ወጥ በድስት ይዛ መጣች፤ በዓለ ሃምሳ ነበርና ጾም የለም።

ፕላስቲክ ቤቱ ውስጥ ስንገባ ቅጠሉ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ጋሼ፣ ምነው ዝናብ ገባ እንዴ?» አለች እታገኝ።

ጋሽ ደምሴ በምርኩዛቸው ተደግፈው በር ላይ ቆመዋል። «እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ ነዋ! በጎማው አጠብኳቸው። ልጅ ፊቱን ሳይታጠብ እንግዳ ፊት ይቀርባል?»

ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። እኔ፣ ባለሙያዋ! እርጥብ ተክል ውስጥ ገብቶ መቁረጥና መነካካት በሽታን ካንዱ ወደ ሌላው በእጅ ማደል መሆኑን ለገበሬ ሳስተምር የኖርኩ ሴት። አንድ ሰዓት ጠብቀን ቢደርቅ ኖሮ ምን ነበረበት? ግን ስምንት ሴት ከዕረፍት ቀኗ፣ ከኦፏ ላይ ሰዓት ቆርሳ መጥታለች፤ ወጡ ይቀዘቅዛል፤ ሽማግሌውን «ጋሼ ተሳስተዋል» ማለት ደግሞ ለኔ ነውር ነው። ገባን። ሁለት መቀስና አንድ የወጥ ቤት ቢላ እየተቀባበልን፣ እየዘፈንን ሠራን። ጋሽ ደምሴ መርቀው መርቀው አልጠግብ አሉ።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ በሥራ መሃል ለዕረፍት ብሬክ ላይ ሳለሁ ሶስና ኮል አደረገችኝ።

«ወይንዬ፣ ቲማቲሞቹ እየሞቱ ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው እየሞቱ?»

«አናታቸው ጠውልጎ ይወድቃል። ቅጠሉም ጥቁር ጥቁር ነጥብ አለው። አባዬ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀምስም ብሏል። ነይልኝ በናትሽ።»

በማግስቱ አርብ ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ ጓሮ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸውን ለፕላስቲክ ቤቱ ሰጥተዋል።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። እስቲ ግቢና እያቸው። እኔስ ማየት አልቻልኩም።»

ገባሁ። ክው አልኩ። ፍሬ ይዘው የነበሩ ተክሎች አንገታቸውን ደፍተዋል። ቅጠሉ ላይ ዙሪያው ቢጫ የሆነ ደቃቅ ጥቁር ነጥብ ተረጭቷል። የአንዳንዱ ግንድ ቡናማ ሰንበር አውጥቷል። ውስጤ «ካንከር!» አለ። ካንከር ማለት ቲማቲምን ከሥር እስከ ጫፍ የሚጨርስ የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ በዘሩም ይተላለፋል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያ የድሮ ድምፄ ከሆዴ ወጣና አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ካንከር ነው። አውቀዋለሁ። ምልክት ያለበት ሁሉ ካልተነቀለ አንድም አይተርፍም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ስንቱ ላይ ነው ምልክቱ?»

«ብዙው ላይ።»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ሳቡ። «እንግዲያ አንቺ ካወቅሽው...» አሉና ተነሥተው ገቡ።

ያን ሌሊት ሶስና ቤት አደርኩ። ጠዋት ሶስና ጥቁር ትልልቅ ከረጢት ያዘች፣ እኔ ጓንት አጠለቅኩ። ጋሽ ደምሴም መጡ። ይቅርብዎ ብንላቸው እምቢ ብለው በር ላይ ቆሙ። የመጀመሪያዋን ስነቅል «እግዜር ይማርሽ» አሉ፣ ለሰው እንደሚባለው። ሶስና ፊቷን አዞረች።

ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን ነቀልኩ። እኔ ሥራ ከያዝኩ ደግሞ እንደ ወታደር ነኝ፤ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አላይም። ስምንተኛዋ ላይ ስደርስ ጋሽ ደምሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ቅጠሉን የሚበላውና ግንዱን የሚበላው አንድ ነው?»

«አንድ ነው ጋሼ» አልኩ፣ ቀና እንኳ ሳልል።

«እሺ። እንዲያው ጠየቅኩ እንጂ...»

ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንደኛዋን ስጎትታት ግንዷ እጄ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ቅጠሏን አየሁ፤ ንጹሕ ነው፤ አንዲት ነጥብ የለችበትም። ግንዷ ግን ውስጡ ባዶ ነበር። መሃሉ ያለው ለስላሳ ልቡ ተበልቶ አልቆ፣ እንደ መሰላል ደረጃ ደረጃ ያለ ስስ ነገር ብቻ ቀርቶታል። እኔ የማውቀው ካንከር እንዲህ አያደርግም።

«ሶስና፣ ቁሚ! ከረጢቱን ወዲህ በይው።»

«ምን ሆንሽ?»

መልስ ሳልሰጥ አሥራ አንዱንም መሬት ላይ ዘረገፍኳቸው። ቢላ አስመጣሁና የሁሉንም ግንድ በቁመቱ ሰነጠቅኩ። ከዚያ እያየሁ ለየኋቸው። ሁለቱ ቅጠላቸው በነጥብ ተሸፍኗል፤ ግንዳቸው ግን አረንጓዴና ድፍን ነው። ሦስቱ ቅጠላቸው ንጹሕ፣ ግንዳቸው ባዶ። የቀሩት ስድስቱ ሁለቱም አለባቸው፤ እነዚያ ናቸው ቀድመው የወደቁት። አንዱ ብቻ ያለባቸው አምስቱ እኔ እስከነቀልኳቸው ድረስ ቆመው ነበር።

«አንድ በሽታ አይደለም» አልኩ። «ሁለት ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱ የተገናኙበት ነው የሞተው።»

ጋሽ ደምሴ በምርኩዛቸው ወደ አምስቱ ጠቆሙ። «እንግዲያ እነዚህስ?»

ምን ልበላቸው? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት ደግሞ የሚለቀም አልነበረም። ሰው ፊት የማላለቅስ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ምርር ብዬ አለቀስኩ። የቀሩት ሃያ ናቸው። እነሱን ልንቀል ወይስ ልተዋቸው? ነቅዬ ተሳስቼ ከሆነ የእትዬ ዘውዲቱን ዘር በገዛ እጄ አጠፋሁት። ትቼ ተሳስቼ ከሆነም ያው ነው።

ሰኞ ኦፌ ነበር። ከተነቀሉት ሦስቱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ኮሌጅ ፓርክ፣ የታመመ ተክል ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ ይዤ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ዶክተር ሊንዳ የምትባል ሽበታም ሴትዮ ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። የኔ እንግሊዝኛ የሆቴል ነው። ፎጣ፣ አንሶላ፣ ቼክ አውት ሲሆን ይቀናኛል፤ ከዚያ ሲያልፍ ይይዘኛል።

«ማን ነው ግንዱን እንዲህ በቁመቱ የሰነጠቀው?» አለች።

«እኔ ነኝ። ይቅርታ፣ አበላሸሁት?»

«የለም። ትክክል ነው። ሰው ሁሉ ቅጠል ብቻ ነው ቆርጦ የሚያመጣልኝ።»

ከግንዱ ስስ አድርጋ ቆርጣ፣ ጠብታ ውሃ ውስጥ አድርጋ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጠችው። አየችና ወንበሯን ለቀቀችልኝ። «ነይ እዪ» አለችኝ።

ጎንበስ አልኩ። ከተቆረጠው ጠርዝ ላይ ባክቴሪያው ወደ ውሃው ይፈሳል። ወተት ውሃ ላይ ጠብ ሲል እንደሚበተነው ነው። ይህን መጨረሻ ያየሁት አገር ቤት ነው። እንባዬ መጣ፤ የማይክሮስኮፑን ዓይን አረጠብኩት።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ይሄን ካየሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

«ምንድን ነበርሽ?»

አሜሪካ ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ለባዳ ሰው ተናገርኩት። «የእፅዋት ሐኪም ነበርኩ።»

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። «ነበርኩ?» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ባክቴሪያዎቹን ለይታ ለማሳደግ እስከ ሐሙስ ያስፈልገኛል አለች። እስከዚያው አንድም እንዳትነቅሉ፣ ቅጠሉ እርጥብ ሳለ ማንም እንዳይነካ፣ የፕላስቲክ ቤቱን ጎንና ጎን ከፍታችሁ ነፋስ አስገቡ ብላ አዘዘችኝ።

እንዴት ያሉ ቀናት መሰሏችሁ! ማክሰኞ ጋሽ ደምሴ ደወሉልኝ። ስለ ቲማቲሙ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። «በሰላም ገባሽ? ምሳ በላሽ?» ብለው ዘጉ። እሱ ነው ይበልጥ የገደለኝ። ረቡዕ ከሥራ በኋላ በቤልትዌይ ያን ሁሉ ትራፊክ ችዬ ሄድኩና አየኋቸው። ሌሎች ሦስት አናታቸውን ደፍተዋል። እጄ በላኝ።

«ልንቀላቸው እንዴ?» አለችኝ ሶስና።

«አይሆንም።»

«ቢተላለፍስ?»

«ቢተላለፍም! አንዴ አውቃለሁ ብዬ የሠራሁትን አይተሻል።»

ሐሙስ የሆቴሉ ሰባተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የያዝኩትን የፎጣ ክምር መሬት ላይ ጥዬ አነሣሁት።

«ካንከር የለም» አለች ዶክተር ሊንዳ። «ግን ሁለት ባክቴሪያ አለ። አንዱ የቅጠል ነው፣ ሌላው የግንድ።»

«የትኛው ነው ጥፋተኛው?»

ሳቀች። «ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው። የቅጠሉ ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳል፤ ብቻውን ቢሆን ቅጠሉን ያበላሻል እንጂ ሙቀት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ይደክማል። የግንዱ ደግሞ ማዳበሪያ በዝቶበት ልፍስፍስ ያለ ተክል ውስጥ፣ በተቆረጠበት ቁስል በኩል ይገባል። ብቻውን ቢሆን ብዙው ተክል ይድናል። ሁለቱ አንድ ተክል ላይ ሲገናኙ ነው እንዲህ የከፋው። ማን ቀድሞ እንደገባ ልነግርሽ አልችልም። ሁለት ባክቴሪያ በተገናኘ ቁጥርም እንዲህ አይሆንም፤ አንዳንዴ አንዱ ሌላውን ይገታዋል። እነዚህ ግን ተጋግዘዋል።»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለደግ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ስንት ነቀላችሁ?» አለችኝ።

«አሥራ አንድ። የቀሩት ሃያ ናቸው።»

«ሃያዎቹን ተዪአቸው። የሚድኑት ይድናሉ።»

ደስታና ኀፍረት ተደባልቆ ያዘኝ። ያን ቀን ከሥራ ወጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክደርስ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ እዚያው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ሃያዎቹ ይቆያሉ፤ ተስፋ አላቸው። ግን አምስቱን በከንቱ ነቀልኩብዎ። ሊድኑ ይችሉ ነበር። ያን ቀን በደቦው እርጥቡ ውስጥ ያስገባኋችሁም እኔ ነኝ። ቢላውን ካንዱ ወዳንዱ ያዞርነው፣ ቁስል የከፈትነው በኔ አዛዥነት ነው። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

«ጨረስሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ውሃውንስ ማን ረጨው? አንቺ ነሽ? የዶሮ ኩስ ያን ሁሉ ከረጢት ማን ደፋባቸው? ዘውዴ ‹ሰውዬ፣ አታሞላቅቃቸው› ስትለኝ ነው የኖረችው። እሷ የለችም ብዬ እንደልቤ አሞላቀቅኳቸው።» ከዚያ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። «ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። ለሶስና እንዳትነግሪ።»

ከቤቱ ጀርባ፣ ከሌሎቹ ርቆ፣ አንድ ባልዲ ውስጥ የተተከለ ቲማቲም አለ። ግንዱ በጨርቅ ታስሯል። ሳየው አወቅኩት።

«ጋሼ! ይሄ እኮ እኔ የነቀልኩት ነው!»

«ከዘረገፍሻቸው ውስጥ ሰርቄ ነው። ቅጠሉ ንጹሕ ከነበረው ወገን ነው። አንቺ መኪናሽ ውስጥ ገብተሽ ስታለቅሺ ነው ያነሣሁት።»

«የታመመ ተክል እንዴት...»

«እኔስ የታመምኩ አይደለሁም እንዴ? ማን ነቀለኝ?»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳቅ ከለቅሶ ጋር ሆነብኝ። ጎንበስ ብዬ ግንዱን አየሁት። ከአፈሩ ከፍ ብሎ ነጫጭ ጉብጉብ ያሉ ነገሮች ቆዳውን ገፍተው ወጥተዋል። አዲስ ሥር ነው። ውስጡ ባዶ የሆነው ግንድ ከጎኑ አዲስ ሥር እያበቀለ ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ‹አንድ ነው ወይ?› ብለው ሲጠይቁኝ ተጠራጥረው ነበር አይደል? ለምን አላስቆሙኝም? የእትዬ ዘውዲቱ ዘር እኮ ነው!»

መሬቱን ነው እያዩ የመለሱልኝ። «አንቺን ካወቅኩሽ ስንት ዓመት ሆነ? ‹አውቃለሁ› ብለሽ ስትናገሪ አንድ ቀን ሰምቼሽ አላውቅም። ያን ቀን ስትይው ደስ አለኝ። ላቋርጥሽ አልፈለግኩም።»

አንባቢዎቼ፣ ይህን ስሰማ የሆንኩትን በቃል ልነግራችሁ አልችልም። ሰውዬው የሚስታቸው ዘር ሲነቀል ዝም ብለው ያዩት ለኔ ብለው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «አላውቅም» ብዬ መደበቅም፣ «አውቃለሁ» ብዬ ጆሮ መድፈንም ኀጢአት መስሎ ይታየኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ደስ የሚል ነው። ኩሱ ቆመ። ውሃ ከሥር ብቻ ሆነ። የታመመ ቅጠል የምናነሣው ከሰዓት፣ ሁሉ ነገር ደርቆ፣ ቢላውን ለየእግሩ በአልኮል እየጠረግን ነው። በሰኔ ማለቂያ ያ የሜሪላንድ ሙቀት መጣ። ሌላ ጊዜ የምንራገመውን ሙቀት ያን ዓመት መረቅነው። ከሃያዎቹ አራቱ ሞቱ። አሥራ ስድስቱ ቆሙ፤ የባልዲው አሥራ ሰባተኛ ሆነ፤ ለፍሬ ባይደርስም ጋሽ ደምሴ እስከ ጥቅምት አጠጡት። ቲማቲሙ ሲቀላ ሶስና ስልስ ሠራች። ጋሽ ደምሴ በሁለት እጃቸው በሉ። በልተው ሲጨርሱ «ራሷ ናት» አሉ።

ዘሩን ያወጣነው ንጹሕ ሆነው ከዘለቁት አምስት እግሮች ብቻ ነው። ዶክተር ሊንዳ በሽታው በዘር እንዳይተላለፍ ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ ሙቀቱ ሃምሳ ዲግሪ ላይ ሳይወርድ ሳይወጣ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ይቆይ ብላ ነበር። ጋሽ ደምሴ ቴርሞሜትሩን ይዘው ድስቱ አጠገብ ቆሙ። «አርባ ዘጠኝ ሆነ! እሳት ጨምሪ! ሃምሳ አንድ! ቀንሺ!» እያሉ ያን ሃያ አምስት ደቂቃ ሶስናን አሯሯጧት። ዘሩ ሲደርቅ ስምንቱን የደቦ ሴቶች ጠሩና ለእያንዳንዳቸው በፖስታ አደሏቸው። «አንድ ቤት ብቻ ማስቀመጥ ሞኝነት ነው» አሉ። አሁን የእትዬ ዘውዲቱ ቲማቲም ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ አለች።

እኔም ሆቴሉን ለቅቄያለሁ። ዶክተር ሊንዳ በዚያው መከር ናሙና የሚቀበልና የሚያዘጋጅ ሰው እንደሚፈለግ ነግራኝ አመለከትኩ። መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ቀን ነበር፤ አሁን ሙሉ ቀን ነው። ዲግሪዬን ከሻንጣ ሥር ሳወጣው ጠርዙ ወይቦ ነበር፤ ማንም አልተጸየፈውም።

እንግዲህ ለእናንተ የምለው ብዙ አይደለም። አንድ ነገር ሲበላሽባችሁ፣ ቤት ይሁን ትዳር ይሁን የጓሮ አትክልት፣ አንድ ጥፋተኛ ስታገኙ ደስ ብሏችሁ ፍለጋውን አታቁሙ። እኔ አንዱን አግኝቼ ስላቆምኩ አሥራ አንድ ነቅያለሁ። ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጠይቃችሁም ቀና ብላችሁ መልሱ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ እታገኝ ደወለች።

«ወይንዬ፣ የዘውዲቱ ቅጠሏ ላይ ጥቁር ነጥብ አየሁ። ያ በሽታ ነው አይደል?»

«ሌላስ ምን አየሽ?»

«ሌላማ ምንም።»

«እስቲ ጎንበስ በይና ግንዷን እዪልኝ።»

ስልኩ ውስጥ ኮቴዋ ሲንኳኳ፣ በር ሲከፈት ይሰማኛል።

«ውይ! ግንዷም ላይ ቡናማ ሰንበር አለ ለካ። ነቅዬ ልጣላት?»

«እጅሽን እንዳታሳርፊባት! መጣሁ» አልኳትና የመኪናዬን ቁልፍ አነሣሁ።